ሳይታዩ የታወቁ ቅንጣቶች

ጋሊሊዮ ጋሊሌይ በ1610 (በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር) ቴሌስኮፑን ወደ ሳተርን ባዞረ ጊዜ በፈለኩ ግራና ቀኝ የተጠጉ ሁለት ትንንሽ አካላት ያየ መሰለው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከዓይኑ ተሰወሩበት። ምስጢሩን የፈታው ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ ሲሆን፣ በ1659 ባሳተመው መጽሐፍ ፈለኩን ሳይነካ የሚከበው ቀጭን ቀለበት መሆኑን፣ ጠርዙ ወደ ምድር ሲዞርም እንደማይታይ አስረዳ።

ቀለበቱ ከምን እንደተሠራ ግን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቆየ። ፈረንሳዊው ላፕላስ አንድ ወጥ ጠጣር ቀለበት ሚዛኑን ጠብቆ ሊኖር እንደማይችል በስሌት ቢያሳይም፣ ብዙ ቀጫጭን ጠጣር ቀለበቶች ይሆናሉ ከማለት አላለፈም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1855 ጥያቄውን ለአዳምስ ሽልማት ውድድር ካቀረበ በኋላ፣ በስኮትላንድ አበርዲን ያስተምር የነበረው ወጣቱ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል መልሱን በወረቀትና በብዕር ብቻ አገኘው። እንደ ስሌቱ ከሆነ ጠጣር ቀለበት ሊጸና የሚችለው ከክብደቱ አምስት እጅ አራቱ ያህል በአንድ ቦታ ሲከማች ነው፤ እንዲህ ያለ ጓል ቢኖር ደግሞ ከማንም ዓይን ባልተሰወረ ነበር። ፈሳሽ ቢሆን በራሱ ማዕበል ተበጣጥሶ ይንጠባጠባል፤ ስለዚህ ቀለበቱ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምሕዋር የሚዞሩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቅንጣቶች ስብስብ ነው።

ማስረጃው የመጣው በ1895 ነው። አሜሪካዊው ጄምስ ኪለር የቀለበቱን ብርሃን በስፔክትሮስኮፕ፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ቀለማቱ በሚበትን መሣሪያ መረመረ፤ ወደ ተመልካቹ የሚቀርብ አካል ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ የሚርቀው ደግሞ ወደ ቀይ ስለሚያደላ ፍጥነቱ ከዚህ ይታወቃል። እንደ ጋሪ መንኮራኩር አንድ ሆኖ የሚዞር አካል በውጭ ጠርዙ ይፈጥናል፤ የሳተርን ቀለበት ግን የሚፈጥነው ከውስጥ በኩል ነበር።

የቅንጣቶቹ ምንነትና መጠን የታወቀው ከዚያም ዘግይቶ ነው። በ1970 ገደማ የተገኙ የኢንፍራሬድ መረጃዎች የውሃ በረዶ መሆናቸውን ገለጡ፤ በ1973 ከካሊፎርኒያ የተላከው የራዳር ሞገድም ካልተጠበቀ ኃይል ጋር ተመልሶ በመምጣቱ፣ ቀለበቱ ከደቃቅ አቧራ ብቻ የተሠራ አለመሆኑ ተረጋገጠ። በ1980 በሳተርን አጠገብ ያለፈችው የጠፈር መንኮራኩር ቮዬጀር 1 ሁለት የተለያየ ርዝመት ያላቸውን የራዲዮ ሞገዶች በቀለበቱ ውስጥ አሳልፋ ወደ ምድር በላከች ጊዜ፣ እያንዳንዱ ሞገድ ምን ያህል እንደደከመ በማነጻጸር የብዙዎቹ ቅንጣቶች መጠን ከሴንቲሜትሮች እስከ ጥቂት ሜትሮች እንደሚደርስ ተሰላ። ከ2004 እስከ 2017 ሳተርንን የዞረችው የጠፈር መንኮራኩር ካሲኒ እንኳ፣ ከዳር እስከ ዳር ከ270,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋውን ዋናውን ቀለበት ከቅርብ ብትቃኝም፣ አንዲት ተራ ቅንጣት ለይታ ፎቶ አላነሣችም።