ነባርና ተግባቢ

«አኩሪ አተር» ስሙ ራሱ ደረቱን የነፋ ነው። «አተር» ጥንታዊ ነው፤ ግእዙ በዐይኑ ዐ «ዐተር» ይለዋል። «አኩሪ» ከ«ኮራ»፣ «አኮራ» የመጣ ነው፤ የሚያኮራ። ፈረንጆች «ሶያ» የሚሉት ከጃፓንኛው «ሾዩ» በደች በኩል ነው። ሾዩ ግን ጥቁሩ ማጣፈጫ እንጂ እህሉ አይደለም፤ አተሩን «ሽሮ» ብሎ እንደ መጥራት።

ኩራቱ ያለው ከሥሩ ነው። ነቅላችሁ አፈሩን አራግፉ፤ ሥሩ ላይ ድቡልቡል ቋጠሮዎች አሉ። አንዱን በጥፍር ሰንጥቁት፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። «ቋጠረ» ግእዙ «ቈጸረ» ነው፤ ጸ ጠ ሆነ፣ «ጸጉር» «ጠጉር» እንደሆነው። አማርኛ ስንቅም ፍሬም ቂምም ይቋጥራል፤ ይህኛው የሚቋጥረው ግን አየር ነው። ውስጡ ያለው ባክቴሪያ የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚመገበው አሞኒያ ይለውጣል። እነ ኬሚስቱ ላቯዚዬ ጋዙን «አዞት»፣ ሕይወት አልባ፣ ብለውት ነበር፤ በ1889 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ፍራንክ ባክቴሪያውን «ራይዞቢየም» አለው፤ «ሪዛ» ሥር፣ «ቢዮስ» ሕይወት። የአኩሪ አተሩ ወዳጅ ባክቴሪያ እድገቱ ዝግ ያለ በመሆኑ ከ1982 እ.ኤ.አ. ወዲህ «ብራዲ»፣ ዘገምተኛ፣ የሚል ቅጽል ተለጥፎበታል።

የምወደው ቃል ግን «ነባር» ነው። በግእዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ ነው፤ «መንበር» እና «ወንበር» ምስክር ናቸው። አማርኛ «ነበር»ን ላለፈ ነገር ሰጠው፤ «ነባር» ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም። የአፍሪካ አፈር ነባር ባክቴሪያ ከእስያ ለመጣው አተር ሁልጊዜ እጁን አይዘረጋም። ስለዚህ በፋብሪካ የተባዛ ባክቴሪያ ከዘሩ ጋር ታሽቶ ይዘራል። ናይጄሪያ፣ ኢባዳን ያለው ዓለም አቀፍ የትሮፒካል ግብርና ተቋም ግን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነገሩን ገለበጠው፤ ነባሩን ትቶ እንግዳውን ማረም። አዳቅሎ ያወጣቸው «ቲጂኤክስ» የተባሉ ዝርያዎች አፈሩ ውስጥ ከሚያገኙት ባክቴሪያ ጋር ቋጠሮ ያበጃሉ።

ሳይንቲስቶቹ ለዚህ ጠባይ የሰጡት ቅጽል፣ «ፕሮሚስኪዩየስ»፣ ከላቲኑ «ሚስኬሬ»፣ ቀላቀለ፣ የወጣ ነው፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ ከብዙ ሰው ጋር ለሚተኛ ይነገራል። ይህን ስም ለእህል መስጠት ግፍ ነው። እኔ «ተግባቢ» እለዋለሁ። «ገባ»፣ «ተግባባ»፤ ባክቴሪያውም ቢሆን በሥሩ ጠጉር በኩል ቃል በቃል ይገባል።

«ማዳበሪያ» ከ«ዳበረ» ነው። መጀመሪያ የአፈር ምግብ ነበር፤ ቀጥሎ መያዣው ከረጢት በስሙ ተጠራና ከሰልም ጤፍም በማዳበሪያ ሆነ። ነባሮቹን ተማምኖ ዩሪያ ያልገዛ ገበሬም አኩሪ አተሩን ገበያ የሚያወርደው በማዳበሪያ ነው።