ሙቀትና መጠነ ሙቀት

የሰው እጅ ለብዙ ሥራ የታመነ መሣሪያ ነው፤ ስለ ሙቀት ሲመሰክር ግን ምስክርነቱ አይጸናም። በነፋስ ስልክ በኅዳር ወር ማለዳ ከቤቱ የሚወጣ ሰው አንድ እጁን በበሩ ሳንቃ፥ ሁለተኛውን በብረቱ መቀርቀሪያ ላይ ቢያሳርፍ፥ «ብረቱ ከእንጨቱ ይልቅ ቀዝቅዟል» ብሎ ይፈርዳል። ዳሩ ግን ሁለቱም በአንድ ብርድ ያደሩ ናቸውና ቅዝቃዜያቸው እኩል ነው። ብረት የእጅን ሙቀት ፈጥኖ ይወስዳል፤ እንጨት ግን ይዘገያል። ስለዚህ እጅ የመሰከረው ስለ በሩ ሳይሆን ከራሱ ስለ ወጣው ሙቀት ነው።

ይህ ስሕተት በእጅ ብቻ ሳይሆን በአነጋገርም አለ። ሙቀት የምንለው አንድ ቃል ሁለት ነገሮችን ተሸክሞ ይኖራል። አንደኛው፥ ነገሩ ምን ያህል እንደ ጋለ የሚያስታውቀው ልክ ሲሆን፥ እርሱን መጠነ ሙቀት እንለዋለን። ሁለተኛው፥ ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው የሚተላለፈው ኃይል ነው፤ ሙቀት የሚለው ስም የሚገባውም ለዚህ ነው። ከምድጃ የምትፈናጠር የእሳት ፍንጣሪ መጠነ ሙቀቷ ከአንድ ጋን ለብ ያለ ውሃ እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን ያንን ጋን ልታሞቅ አትችልም። እነዚህ ሁለቱ እንዴት እንደ ተለያዩ የሚናገረውን ታሪክ ከዚህ ቀጥለን እናያለን። ዘመናቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ የተገኘው መለኪያው ነው። ፋራናይት የተባለው ሊቅ በ1714 የባዜቃ መለኪያ ሠራ። በ1724ም ውሃ የሚፈላበት ልክ ከአየሩ ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ አስታወቀ። የስዊድኑ ሴልሺየስ ደግሞ በ1742 ውሃ በሚረጋበትና በሚፈላበት ልክ መካከል ያለውን በ100 ዲግሪ ከፈለው። የሚያስገርመው ነገር፥ እርሱ 0ን በመፍያው፥ 100ን በመርጊያው ላይ አኑሮ ነበር፤ የዛሬው አቈጣጠር የተገለበጠው ከእርሱ በኋላ ነው።

መለኪያው ከተገኘ በኋላ ሁለቱን ነገሮች የለያቸው ስኮትላንዳዊው ዮሴፍ ብላክ ነው። በ1760ዎቹ መጀመሪያ በረዶ ሲቀልጥ መረመረ። እሳቱ ዘወትር ሙቀት ይሰጣል፤ መለኪያው ግን በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ከ0 ንቅንቅ አይልም። ውሃ ሲፈላም እንዲሁ ሆነ። ስለዚህ ሙቀት እየገባ መጠነ ሙቀት ሳይጨምር የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ የገባውም ኃይል ጠጣሩን ወደ ፈሳሽ፥ ፈሳሹን ወደ እንፋሎት በመለወጥ ሥራ ላይ ይውላል።

ይህ ጥናት በአውሮፓ ሲደረግ መለኪያው ወደ አገራችንም ገብቶ ነበር። የብላክ የአገሩ ልጅ ጄምስ ብሩስ ቴርሞሜትርና የአየር ግፊት መለኪያ ይዞ በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በ1770ም ጎንደር ገባ። ከ1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በአገራችን የተመላለሰው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ደግሞ የተራሮችን ከፍታ ለማወቅ ውሃ ያፈላ ነበር። ነገሩ ለተመልካች ጨዋታ ይመስላል፤ ሆኖም ፋራናይት የተናገረው ግፊት እዚህ አገልግሎት አገኘ። ወደ ላይ በተወጣ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውም ገና 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። በምጽዋ ዳርቻ በ100 የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ በ92ና በ93 ዲግሪ መካከል፥ በራስ ዳሽን ጫፍም በ85 ግድም ይፈላል። መጠነ ሙቀቱን ያነበበ ሰው ከፍታውን ያውቃል ማለት ነው።

ሙቀት ራሱ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ዘግይቶ መጣ። ብዙዎች ከአካል ወደ አካል የሚፈስ የማይታይ ፈሳሽ ይመስላቸው ነበር። በ1798 ራምፎርድ የተባለው ሰው የመድፍ አፈሙዝ ሲቦረቦር ብረቱ ያለ ማቋረጥ ሲግል አይቶ፥ የማያልቅ ነገር ፈሳሽ ሊሆን አይችልም አለ። በ1840ዎቹም የማንቸስተሩ ጁል የወደቀ ክብደት ውሃን ምን ያህል እንደሚያሞቅ ለክቶ፥ ሙቀትና ሥራ አንድ ኃይል መሆናቸውን አሳየ። በዚህ ስሌት ብሩስ በ1770 ያየው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ወርዶ ሲከሰከስ፥ ውድቀቱ ብቻውን ውሃውን በአንድ አሥረኛ ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል። «ጢስ እሳት» የተባለው ጢሱ የውሃ ብናኝ ቢሆንም፥ በስሙ ውስጥ ያለው እሳት ፈጽሞ ሐሰት አልሆነም።

እንግዲህ ሙቀት የጥቃቅን ቅንጣቶች እንቅስቃሴ ከሆነ፥ በፀሐይና በምድር መካከል ባለው ባዶ ቦታ እንዴት ይደርሰናል? በ1800 ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ከፋፍሎ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ቀለም ውጭ ቢያኖረው፥ ምንም ብርሃን በማይታይበት ስፍራ መለኪያው ከፍ አለ። ይህ የማይታይ ጨረር ያለ ነፋስና ያለ አየር ይጓዛል። ያለ ሽቦ መልእክት የሚያደርሰው የሬዲዮ ሞገድም የዚሁ ወገን ነው። ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሽቦ አልባ መልእክት ነው። ሕዝቡ ሽቦ ያጣበትን ነገር ነፋስ ይሸከመዋል ብሎ ሰየመው፤ ስሙ ያማረ ነው፥ ነገር ግን መልእክቱ ነፋስ አላስፈለገውም።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ከሊቃውንት መጽሐፍ ወጥቶ ወደ ቤታችን ሲገባ ጥቅሙ ይገለጣል። በዚሁ ሰፈር ባቄላ ንፍሮ የጣደች እመቤት ድስቱ መፍላቱን ስታይ ቶሎ ይበስልልኛል ብላ ከሰል ትጨምራለች፥ ታራግባለችም። ውሃው ግን 93 ዲግሪ አያልፍም። የባቄላው መዘግየት ከከተማችን ከፍታ እንጂ ከእሳቱ ማነስ አይደለም። የተጨመረው ከሰል ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ አንድ ሊትር የፈላ ውሃን ጨርሶ ለማትነን የሚፈጀው ሙቀት ያንኑ ውሃ ለማፍላት ከፈጀው ከሰባት እጥፍ ይበልጣልና። ድስቱን ከድና እሳቱን ብታበርድ ንፍሮው በዚያው ሰዓት ይደርሳል፤ ከሰሉም ለነገ ይተርፋል። ብላክ በበረዶና በውሃ የለያቸው ሁለቱ ነገሮች፥ ሙቀትና መጠነ ሙቀት፥ በምድጃችን ዳር ሳይለዩ በቆዩ ቁጥር ዋጋውን የሚከፍለው ጓዳችን ነው።