የገና ዱላና የእንጦጦ እንጨት

በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ የሂለሪች ቤተሰብ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። ኩባንያው ራሱ እንደሚተርከው፣ የባለቤቱ ልጅ በድ ሂለሪች እ.ኤ.አ. በ1884 ለከተማው ቡድን ተጫዋች ለፒት ብራውኒንግ የቤዝቦል ዱላ በቶርኖ አዘጋጀለት። አባትየው ከዱላ ይልቅ የቅቤ መናጫ መሥራት ይመርጡ ነበር፤ ገበያው ግን ልጁን ደገፈ። እ.ኤ.አ. በ1894 «ሉዊቪል ስላገር» የሚለው ስም በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ። የቤዝቦል ዱላ ታሪክ ጸሐፊ እንግዲህ የሠሪ ስም፣ ዓመተ ምሕረትና የኩባንያ መዝገብ አለው።

የእኛን የገና ጨዋታ ዱላ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከእነዚህ አንዱንም አያገኝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሠሪው ተጫዋቹ ራሱ ነበር። እረኛው ከብት እየጠበቀ ጫፉ በተፈጥሮው የተቆለመመ ቅርንጫፍ ይፈልጋል፤ ካጣም እርጥቡን እንጨት በእሳት እያሞቀ ያጎብጠዋል። ልጦ፣ ለብልቦ፣ ቅቤ ወይም ሞራ ቀብቶ ለታኅሣሥ 29 ያደርሰዋል። ተመራጩ ወይራ ነው፦ ከባድ፣ ጠንካራ፣ ሩሯን (የጨዋታውን ኳስ) ሲመታ የማይሰነጠቅ። የወይራ ችግሩ አዝጋሚ አስተዳደጉ ነው። ዛሬ የተቆረጠውን የሚተካ እንጨት ለማግኘት ብዙ ዓመት መጠበቅ ግድ ይላል።

ስለዚህ የዚህን ዱላ ታሪክ ከደኑ መጀመር ይገባል እላለሁ፤ ለዚህም ከእንጦጦ የተሻለ ማስረጃ የለም። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ሲነግሡ፣ በተራራው ላይና በግርጌው የሰፈረው ሕዝብና ሠራዊት ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የአካባቢውን ጥድና ወይራ እየጨረሰ ነበር። ወይራ ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው፦ ፍሙ ይቆያል፣ ጭሱ የወተትና የጠላ ዕቃ ያጥናል፣ ግንዱ ለእርሻ መሣሪያ ይሆናል። የእንጨት እጥረቱ እስከዚህ ደረሰና ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸውን ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አሰቡ።

አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳነው ባሕር ዛፍ ነው። የገባው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ ለማስገባቱ ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ይጠቀሳል፤ ዘመኑም የሉዊቪሉ ስም ከተመዘገበበት ጋር ይገጥማል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከተማይቱ ማገዶና አጣና ያገኘችው፣ ከእንጦጦ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችም ለዘመናት የኖሩት በእርሱ ነው፤ ውለታውን መካድ አይገባም። ለገና ዱላ ግን አይመችም። አቆጥቋጩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ ዱላው የሚፈልገው ግን የተቆለመመና የማይሰነጠቅ እንጨት ነው።

ጨዋታው አልሞተም። በጃን ሜዳ በገና በዓል ይታያል፤ በባህል ስፖርት ውድድሮችም ደንብና ዳኛ አግኝቷል። የስፖርት ተቋሞቻችን ለሕጉ የሰጡትን ትኩረት ለመሣሪያው አለመስጠታቸው ግን ያሳዝነኛል። ቡድን ተዋቅሮ፣ ሜዳ ተሰምሮ፣ የዱላው እንጨት ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ከሌለ ጨዋታው በግማሽ ብቻ ነው የተጠበቀው።

እንጦጦ ላይ አገር በቀል ዛፍ መልሶ የመትከል ሥራ እየተካሄደ ነው። ሥራውን የሚመሩ ሰዎች ለገና ዱላ የሚሆን የወይራ ቦታ ለይተው ቢያስቀምጡ ወጪው ትንሽ ነው። የታሪክና የባህል ጥናት ተማሪዎች ደግሞ ዱላ አጎብጠው የተጫወቱ አረጋውያንን ዛሬውኑ ይጠይቁ፤ የእንጨቱን ስም፣ የአቆራረጡን ወቅት፣ የእሳቱን ልክ ይጻፉ። የሂለሪችን መዝገብ የሚተካልን የእነርሱ ቃል ብቻ ነው።