የዕለት ሥራ መዝገብ፤ ከእርሳስ እስከ ስፕሬድሺት

አንድ ሥራ በዕቅዱ መሠረት መጓዙን ለማወቅ የሚቻለው በየዕለቱ የተሠራው ሲመዘገብና የተመዘገበውም ከታቀደው ጋር ሲነጻጸር ነው። ዛሬ ከሥራ ቦታ የተላከ ቁጥር የሰው እጅ ሳይነካው ስፕሬድሺት ውስጥ ሲገባና ግራፉም ራሱን ሲያድስ ማየት ለሙያ ባልደረቦቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ወደዚህ ደረጃ የተደረሰው ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። ታሪኩ በየደረጃው ሲመረመር አንድ ቁም ነገር ይገኝበታል፤ ይኸውም እያንዳንዱ አዲስ ዘዴ ከሰው ላይ አንድ ድካም ሲያነሣ፣ ድካሙ ይሰጥ የነበረውን ቁጥሩን በዓይን የመመርመር አጋጣሚም አብሮ መውሰዱ ነው።

የታሪኩ አንዱ መነሻ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም አካባቢ የነበረው የማቲው ቦልተንና የጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ድርጅት ነው። በዚያ በንድፍ ሠራተኛነት ያገለገለው ዊልያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝን የገቢና የወጪ ንግድ ዓመት በዓመት በመስመር ግራፍ አሳየ። ለስኮትላንድ ግን የተከታታይ ዓመታት ቁጥር ስላላገኘ የአንዱን ዓመት ንግድ ብቻ በዓምድ ግራፍ አቀረበ። ባልተመዘገበ ዓመት ላይ መስመር አለመሳሉ ለሙያችን የመጀመሪያው ትምህርት ሊሆን ይገባል።

በዚሁ ድርጅት ይሠራ የነበረው ጆን ሳውዘርን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1796 በዋት የግፊት መለኪያ ላይ እርሳስና ከሞተሩ ጋር የሚንቀሳቀስ ወረቀት ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ራሱ ይስል ጀመር። በመስመሩ የተከበበው ስፋት በአንድ ዙር የተሠራውን ሥራ መጠን ይገልጻል። ድርጅቱ ይህን ዘዴ ለብዙ ዓመታት በምስጢር ይዞት መቆየቱ የቱን ያህል ዋጋ እንደሰጠው ያስረዳል።

የሰውን ሥራ ሂደት በሰንጠረዥ መሳል የመጣው ዘግይቶ ነው። የፖላንዱ መሐንዲስ ካሮል አዳሚየትስኪ እ.ኤ.አ. በ1896 የሥራዎችን ቅደም ተከተል የሚያሳይ ሰንጠረዥ ቢያወጣም፣ ሥራው በምዕራቡ ዓለም ሳይታወቅ ቆየ። ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ሄንሪ ጋንት ነው። በጋንት ቻርት አንድ ርዝመት ጊዜንም፣ በዚያ ጊዜ ሊሠራ የሚገባውንም ሥራ ያመለክታል፤ የተሠራው በወፍራም መስመር ይሰመራል። መስመሩ ከዕለቱ ቀን ምልክት ወደ ኋላ ከቀረ ሥራው ዘግይቷል ማለት ነው። መስመሩን የሚያስረዝመው ጸሐፊ መዘግየቱን ከሁሉ አስቀድሞ ያያል።

ይህን እጅ ያሳረፈው ኮምፒዩተር ነው። ዳን ብሪክሊን እ.ኤ.አ. በ1978 የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተጻፈ ሰንጠረዥ አንድ ቁጥር ሲለወጥ ሌሎቹ ሁሉ እየተፋቁ እንደገና መሰላት እንዳለባቸው ተመለከተ። ከቦብ ፍራንክስተን ጋር የሠሩት ቪዚካልክ እ.ኤ.አ. በ1979 ለአፕል 2 ኮምፒዩተር ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሎተስ 1-2-3 ደግሞ ሰንጠረዡንና ግራፉን በአንድ ፕሮግራም አጣመረ። ቁጥሩ ሲለወጥ ግራፉም አብሮ የሚለወጥበት አሠራር በየቢሮው የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው።

መመርመር ሲቀር የሚደርሰውን ጉዳት እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 አይታለች። የኮቪድ ምርመራ ውጤቶች ከላቦራቶሪዎች እየተላኩ በቀጥታ ወደ ስፕሬድሺት ይገቡ ነበር። ነገር ግን ጥቅም ላይ የዋለው የቆየ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 መስመር በላይ አይቀበልም። በመሆኑም ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ በነበረው አንድ ሳምንት ውስጥ 15,841 ሕሙማን ከዕለታዊው ቁጥር ውጭ ቀሩ። ሕሙማኑ ውጤታቸው ተነግሯቸው ነበር፤ የዘገየው ከእነርሱ ጋር የተገናኙትን ሰዎች ፈልጎ የማስጠንቀቁ ሥራ ነው። ግራፉ በየዕለቱ ይሳል ነበር፤ የጎደለው ግን በግራፉ ላይ አይታይም።

በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ለምንሠራ ሰዎች ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤክሴል ቀንን የሚያሰላው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1900 ጀምሮ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በቁጥር 5/2/2016 ተብሎ ቢገባ፣ ቀኑ በሚቀድምበት አጻጻፍ ፕሮግራሙ የፈረንጆችን የካቲት 5 ቀን አድርጎ በዝምታ ይቀበለዋል። ጥቅምት 30 ቀን ግን 30/2/2016 ሲባል በእነርሱ አቆጣጠር የሌለ ቀን ስለሆነ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጠራል። የዚያ ዕለት ሥራም በቀን ከተደለደለው ድምር ውጭ ሊቀር ይችላል። ለጳጉሜንማ ጨርሶ ቦታ የለም።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው አዲሱን ዘዴ ለመንቀፍ የቀረበ አይደለም። መዝገቡን በእጅ መሙላት የራሱ ስሕተት ነበረው፤ ወደዚያ መመለስም አይቻልም። የሚገባው የቀረውን መመርመር በሥርዓት መተካት ነው። የተላከው የመዝገብ ብዛት ከደረሰው ጋር በየዕለቱ ይመሳከር። ሥራ ያልተሠራበት ቀን ዜሮ፣ ያልተመዘገበበት ቀን ባዶ ይሁን፤ ሁለቱ ከተምታቱ የሥራ ማቆምና የመረጃ መጓደል አይለዩምና። የመጀመሪያው መዝገብ ሳይነካ ይቀመጥ። ከሁሉም በላይ ግራፉን በየዕለቱ አይቶ የሚፈርም ኃላፊ ይኑር። መሣሪያው ይቈጥራል፣ ይስላልም፤ ስለ እውነትነቱ የሚጠየቀው ግን መሐንዲሱ ነው።