የዘጠና ዓመቱ ዋስ

በወሎ የሚገኘው የሐራ ከተማ ስም በግዕዝ ቢፈታ ጭፍራ፣ ሠራዊት ማለት ነው፤ የአገሬው ሰው ግን ገበያን ጨምሮበት «ሐራ ገበያ» ሲል ይጠራዋልና፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እንዲመጣ የታቀደው የባቡር መንገድ የመጨረሻ ጣቢያውን የሰየመው በዚሁ በገበያው ስም ነው። ባለፈው ዓመት ከመርሳ ወደዚያ ወርጄ ሳለሁ፣ ለሐዲዱ በተደለደለው ምድር ላይ ሁለት ልጆች በመካከላቸው ገመድ ወጥረው፣ የካልሲ ኳስ በጣውላ ስባሪ እየመቱ ሲቀባበሉ ባየሁ ጊዜ፣ ከዚህ እጅግ በራቀ አገር፣ በሌላ የገበያና የባቡር ከተማ የተወለደ አንድ ሰው ትዝ አለኝ።

ከተማይቱ በምዕራብ ሃንጋሪ የምትገኘው ሶምባትሄይ ናት። በሃንጋሪዎች ቋንቋ «ሶምባት» ቅዳሜ፣ «ሄይ» ደግሞ ስፍራ ስለ ሆነ፣ የስሟ ትርጓሜ የቅዳሜ ስፍራ ይሆናል፤ ይኸውም የጥንት የቅዳሜ ገበያዋን የሚያስታውስ ሲሆን፣ ቃሉ የእኛው «ሰንበት» የቅርብ ዘመድ መሆኑን አንባቢ ልብ ይላል። በዚህች ከተማ መስከረም 8 ቀን 1910 ዓ.ም. ከባቡር ሠራተኞች ቤተ ሰብ የቴኒስ ተጫዋቹ ዮዤፍ አሽቦት ተወለደ። የሜዳ ቴኒስ የመኳንንትና የባለጸጎች ጨዋታ ሆኖ በኖረበት በዚያ ዘመን፣ የሐዲድ ሠራተኛ ልጅ ራኬት ይዞ በነገሥታት ፊት ለመቆም መብቃቱ ብቻውን የሚያስደንቅ ነው።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት የጉልበቱን ወራት በልተውበት፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1939 ዓ.ም. ክረምት ለፈረንሳይ ሻምፒዮና ወደ ፓሪስ ሄደ። ውድድሩ የሚደረግበት የሮላን ጋሮስ ሜዳ ከተፈጨ ጡብ የተነጠፈ ቀይ ሜዳ ስለ ሆነ ኳስን ያዘገያል፤ ስለዚህም ኃይለኛውን ሳይሆን ትዕግሥተኛውን፣ ፈጣኑን ሳይሆን አስተዋዩን ይወዳል። አሽቦት በዚያ ሜዳ ላይ ከአንድ ዓመት በፊት በለንደኑ ዊምብልደን የነገሠውን ፈረንሳዊውን ኢቮን ፔትራን፣ ቀጥሎም አሜሪካዊውን ቶም ብራውንን አሸንፎ፣ በፍጻሜው ደቡብ አፍሪካዊውን ኤሪክ ስተርጅስን 8 ለ 6፣ 7 ለ 5፣ 6 ለ 4 ረታ። ከታላላቆቹ አራት ውድድሮች አንዱን በነጠላ ያሸነፈ ሃንጋሪያዊ ወንድ ከእርሱ በፊት አልነበረም፤ ከእርሱም በኋላ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ነገር ግን የዛሬው ጽሑፌ ዋና ነገር ድሉ ሳይሆን በማግሥቱ ዓመት የሆነው ነው። በ1940 ዓ.ም. በሃንጋሪ ኮሚኒስቶች ሥልጣኑን ጠቅልለው ይዘው፣ ዜጋ ወደ ምዕራብ ይወጣ ዘንድ የመንግሥት ፈቃድ እንደ ሰማይ ራቀ። አሽቦት ወደ ዊምብልደን እንዲሄድ የተፈቀደለት የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታፍ 5ኛ «ተመልሶ እንዲመጣ እኔ ዋስ ነኝ» ብለው ስለ ቆሙለት መሆኑ ይተረካል። ይህን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ዘውድን ከሻረ ሁለት ዓመት ያለፈው፣ ነገሥታትንም በጠላትነት የሚያይ መንግሥት፣ የአንድ ሽማግሌ ንጉሥ ቃል ምን ይረባዋል ሊል ይችላልና።

እኔ ግን ነገሩን አምናለሁ፤ የማምነውም ንጉሡ ከዚያ በፊት ያደረጉትን በመመልከት ነው። ጉስታፍ ገና በወጣትነታቸው በእንግሊዝ አገር ተምረው የሜዳ ቴኒስን ወደ ስዊድን ያስገቡ፣ «ሚስተር ጂ» በሚል የተሸሸገ ስም በውድድር እየገቡ እስከ እርጅናቸው የተጫወቱ ሰው ነበሩ። ናዚዎች ሁለቱን የቴኒስ ተጫዋቾች፣ ጀርመናዊውን ጎትፍሪድ ፎን ክራምንና ፈረንሳዊውን ዣን ቦሮትራን ባሰሯቸው ጊዜ ስለ ሁለቱም አማልደዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በሰኔ 1936 ዓ.ም.፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሃንጋሪ አይሁድ በባቡር እየተጫኑ ወደ ሞት ከተነዱ በኋላ፣ ለአገሩ ገዢ ለሆርቲ የተማጽኖ ቴሌግራም ልከው፣ የሌሎች መሪዎችም ድምፅ ተጨምሮበት፣ ግዞቱ በሳምንት ጊዜ ውስጥ እንዲቆም ታዟል። ስለ ማያውቋቸው እልፍ ነፍሳት የለመኑ ንጉሥ፣ ስለሚያውቁት አንድ ተጫዋች ዋስ ለመሆን ምን ያግዳቸዋል? ኢትዮጵያውያንም ብንሆን ለእኚህ ንጉሥ ዘመን እንግዳ አይደለንም፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ በኢጣልያ አውሮፕላን ቦምብ የወረደበት የቀይ መስቀል ሆስፒታል የእርሳቸው አገር ሰዎች ያቆሙት ነበርና።

አሽቦት ወደ ዊምብልደን በሄደበት በ1940 ዓ.ም. በሰኔ ወር ንጉሡ 90 ዓመት ሞላቸው። አሽቦትም ለንደን ገብቶ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ በዚያም አውስትራሊያዊው ጆን ብሮምዊች 6 ለ 3፣ 14 ለ 12፣ 6 ለ 2 አሸነፈው። በሁለተኛው ምድብ ብቻ 26 ጌም ተጫውተዋል። ከዚያም የዋሱን ቃል ሳያሳፍር ወደ አገሩ ተመለሰ። በማግሥቱ ዓመት የቼኮስሎቫኪያው ያሮስላቭ ድሮብኒ በስዊስ ሳለ ላለመመለስ ቆርጦ፣ በኋላም የግብፅን ዜግነት ተቀብሎ በ1946 ዓ.ም. ዊምብልደንን እንዳሸነፈ እናውቃለን። በድሮብኒ ላይ መፍረድ አልፈልግም፤ የአሽቦት መመለስ ግን የሰው ዋስ በአንገቱ ላይ የተንጠለጠለበት ሰው መመለስ ነው፤ በእኛም አገር ዋሱን ጥሎ የሚጠፋ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

የቀረው ዘመኑ አጭር ሐተታ ይበቃዋል። ለአገሩ በዴቪስ ካፕ ተጫወተ፤ ኋላም አገሩን ለቅቆ በሙኒክ ተቀመጠ፤ በዚያም መስከረም 1 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር በእንቁጣጣሽ ዕለት ዐረፈ። ከእርሱ በኋላ ከአገሩ ልጆች፣ በ1950 ዓ.ም. ዡዣ ኮርሞትሲ በዚያው በፓሪስ የሴቶቹን ዋንጫ አነሣች፤ ጨዋታው ለባለሙያዎች ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ባላዥ ታሮትሲ ከስዊሱ ሃይንዝ ጉንታርት ጋር በ1977 ዓ.ም. የዊምብልደንን የጥንድ ዋንጫ ወስዷል።

ወደ ሐራ ልመለስ። የመሠረት ድንጋዩ በ2007 ዓ.ም. የተጣለው፣ ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው መንገድ በሰሜኑ ጦርነት ብዙ ጉዳት ደርሶበታል። ሥራው ሲፈጸም በጣቢያው ዙሪያ መጋዘንና የሠራተኛ ቤት መሠራቱ አይቀርም። የቴኒስ ሜዳ መሥመሩ ከዳር እስከ ዳር ርዝመቱ 23 ሜትር ከ77፣ ወርዱ 10 ሜትር ከ97 ነው፤ ንጣፉም እንደ ፓሪሱ የተፈጨ ጡብ ሊሆን ይችላል። የባቡሩ ባለ ሥልጣኖች ለሐራ ልጆች ይህን ያህል መሬት ከነዙሪያው በፕላኑ ላይ እንዲያሰምሩላቸው እለምናለሁ።