ትንፋሽ ቆጣሪዋ

እስኪ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወሬዬ ከባሌው ጊኒር ቁልቁል ነው። ሮቤንና ጎባን ደጋ ላይ ትተን፣ የስንዴውን ማሳ አልፈን፣ በጎሮ በኩል ጊኒር ስንደርስ አገሩ ይሞቃል። ከዚያ ወዲያ ራይቱና ሰዌና አሉ፤ ግመል የሚነዳበት፣ ቤት ከቤት የተራራቀበት ቆላ። በዚያ አገር የጤና ሰው ልሁን ያለ አስቀድሞ መንገደኛ መሆን አለበት።

የዱሮውን ላስቀድም። ኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን ላጥፋ ብላ ስትነሳ፣ ትልቁ ሸክም የወደቀው በሳኒታሪያኖች ላይ ነበር። ስማቸውን ዛሬ ማን ያነሳል? በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ካሠለጠናቸው ባለሙያዎች መካከል ነበሩ። በእግርም በበቅሎም ሄዱ። የበሽተኛ ልጅ ፎቶ ያለበትን ካርድ ለእረኛውም ለገበያተኛውም እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው የት አያችሁ?» ብለው ጠየቁ። ፈንጣጣ ያለበት መንደር ሲገኝ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ከተቡ። የአገሪቱ የመጨረሻ በሽተኛ የተገኘችው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው፤ የት ቢሉ፣ ያኔ ባሌ ክፍለ ሀገር ውስጥ በነበረው በኤል ከሬ አውራጃ፣ ዲሞ በምትባል መንደር። የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። አገር ያስጨነቀው በሽታ በዚህ ቆላ ሲያበቃ፣ ያበቃው ደጅ ለደጅ በሚዞር ሰው ነው።

አሁን ወደ እኛ ዘመን ልምጣ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። 10ኛ ክፍል የጨረሰች የአካባቢው ልጅ ተመለመለች፣ አንድ ዓመት ሠለጠነች፣ ጤና ኬላ ተሰጣት፣ በመንግሥት ደመወዝ ተቀጠረች። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሆነው ይመደቡ ነበር። ሽንት ቤት አስቆፍሪ፣ ክትባት ስጪ፣ እርጉዝ ተከታተይ፣ ቤተሰብ ምጣኔ አስተምሪ ተባለች። የሳንባ ምች ግን አታክሚም ተባለች፤ ወደ ጤና ጣቢያ ላኪ ነው። ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ሲሆንስ? እናት ደረቱ የሚሰረጎድ ልጅ ታቅፋ በሩ ላይ ስትቆም፣ የወረቀት ሪፈር ጽፎ መሸኘት ለዚያች ባለሙያ ምን ያህል ይከብዳት እንደነበር አስቡት።

በ2002 ዓ.ም. ፖሊሲው ተለወጠ፤ የሳንባ ምችን በመድኃኒት እንድታክም ተፈቀደላት። እና አሁን የምትሠራውን ልንገራችሁ። እናቲቱን በኦሮምኛ «እህቴ፣ እስኪ ጡት አጉርሺውና ይረጋጋ» ትላታለች፤ የሚያለቅስ ልጅ ትንፋሽ አይቆጠርምና። ሆዱን ገልጣ፣ ሰዓት ይዛ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 11 ወር ከሆነ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40ና ከዚያ በላይ ሲሆን ትንፋሹ ፈጥኗል ማለት ነው። ቀላል ይመስላል? ከቆጠራዋ ተነስታ መድኃኒት ትሰጣለች፤ አደገኛ ምልክት ካየች ደግሞ ቶሎ ትልካለች። ልጁን ሳትቆጥር መድኃኒት ብትሰጥ፣ ወይ ቸኩላ ብታሳስት፣ ማን ያያታል? ይህ ሙያ ነው፤ እኔ ከትልልቆቹ ሙያዎች አሳንሼ አላየውም።

ታዲያ ጊኒር ላይ ትምህርቷን የጨረሰች ልጅ ይህን ሥራ ብትይዝ የት ትደርሳለች? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ላይ የሚያስኬድ መንገድ ጠባብ ነበር። በኋላ ግን ደረጃ አራት የሚባለው ከፍ ያለ ሥልጠና ተከፈተ። ጎበዟ ከዚያም አልፋ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ጤና መኮንን ልትሆን ትችላለች፤ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ አለ፣ ጎባ ሆስፒታልም በእሱ ሥር ነው። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ብዙ እህት በዚህ መንገድ እንድታልፍ እመኛለሁ።

የሚያሳዝነኝ ግን ይኸው ነው፦ ለማደግ ቀበሌዋን ጥላ መውጣት አለባት። የማን ቤት እርጉዝ እንዳለ፣ የትኛው ልጅ ክትባት እንዳቋረጠ፣ የትኛዋ እናት ባሏን ሳታስፈቅድ እንደማትመጣ የምታውቅ ሴት ስትሄድ፣ ይህ ሁሉ እውቀት አብሯት ይሄዳል። ተተኪዋ ከመጀመሪያው በር ማንኳኳት ትጀምራለች፤ አመኔታም በአንድ ወር አይገኝም። ስለዚህ የምለው አንድ ነው። ሰዌና ውስጥ አሥር ዓመት ያገለገለች ባለሙያ እዚያው ሆና በማዕረግም በደመወዝም ከፍ ትበል፤ ስትማር ቦታዋ ይጠበቅላት፤ የምትኖርበት ቤትም ኬላዋም ውኃና መብራት ይኑራቸው። መውጣት የፈለገች ትውጣ። መቆየት የፈለገችው ግን በመቆየቷ ከጓደኞቿ ወደ ኋላ አትቅር።