ተይዞ የማይሄድ ዓመት፦ የአሜሪካ አብራሪዎች ቅሬታና የቀዳሚነት ሥርዓት

ካፒቴን ቼስሊ ሱለንበርገር በጥር 2009 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አውሮፕላናቸውን ኒው ዮርክ ሀድሰን ወንዝ ላይ አሳርፈው 155ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች በሕይወት ወጡ። ከአርባ ቀን በኋላ በአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ሲመሰክሩ ስለ አደጋው ብቻ አልተናገሩም። ደመወዛቸው በ40 በመቶ መቀነሱን፣ የጡረታ ዕቅዳቸው ተሰርዞ ከዋጋው እጅግ ባነሰ የመንግሥት ዋስትና መተካቱን ገለጹ። ልጁ የእሱን ሙያ እንዲወርስ የሚፈልግ አንድም የአየር መንገድ አብራሪ እንደማያውቁም ጨመሩ።

ይህ ምስክርነት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የደመወዝ ቅሬታ ተደርጎ ነው። እኔ ግን ከዚያ የጠለቀ ጉዳይ አይበታለሁ። የአሜሪካ አብራሪ ከአሠሪው ጋር ሲጣላ፣ በአብዛኛው የተማረ ባለሙያ እጅ ያለው መውጫ እርሱ ዘንድ የለም።

አብራሪ ሲቀጠር በቅጥሩ ቀን መሠረት የቀዳሚነት ቁጥር ይሰጠዋል። የሚያበረው የአውሮፕላን ዓይነት፣ ካፒቴን የሚሆንበት ጊዜ፣ የሚመደብበት ከተማ፣ የወር የበረራ ፕሮግራሙ፣ በዓልን ከቤተሰቡ ጋር መዋል አለመዋሉ፣ ቅነሳ ሲመጣም መሰናበት አለመሰናበቱ፣ ይህ ሁሉ በዚያ ቁጥር ይወሰናል። ቁጥሩ ግን ከድርጅቱ ደጃፍ አያልፍም። ሃያ ዓመት ያገለገለ ካፒቴን ወደ ሌላ ትልቅ አየር መንገድ ቢሻገር ከዝርዝሩ ግርጌ፣ በጀማሪ ረዳት አብራሪ ደመወዝ ይጀምራል። ኢኮኖሚስቱ አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተሙት ሥራ ቅር የተሰኘ ሰው ወይ ይወጣል ወይ ድምፁን ያሰማል ብለው ነበር። ለአብራሪው የመጀመሪያው በር ተዘግቷል። በወጣትነቱ በትንሽ ክፍያ የሚሠራውም በኋለኛው ዘመን እንደሚካስ አምኖ ነው፤ ለድርጅቱ ብድር ሰጥቷል ማለት ይቻላል።

የቀረው ድምፅ ነው፤ እሱንም ሕጉ አዝጋሚ አድርጎታል። በ1926 ለባቡር ሠራተኞች የወጣው የሥራ ግንኙነት ሕግ በ1936 ወደ አየር መንገዶች ተዘረጋ። በዚህ ሕግ የኅብረት ስምምነት ጊዜው ቢደርስም አይሞትም፤ ለማሻሻያ ክፍት ይሆናል እንጂ አሮጌው ደመወዝ እንደጸና ይቀጥላል። የፌዴራሉ የሽምግልና ቦርድ ከድርድሩ ካልለቀቃቸው አብራሪዎቹ አድማ መምታት አይችሉም። ከለቀቃቸውም በኋላ ሠላሳ ቀን ይጠብቃሉ፤ ያም አልፎ ፕሬዚዳንቱ ጣልቃ ሊገቡ ይችላሉ። በየካቲት 1997 የአሜሪካን አየር መንገድ አብራሪዎች የጀመሩትን አድማ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በደቂቃዎች ውስጥ አስቁመውታል። (ለእኛ አንባቢ ቅርብ የሆነ አንድ ነገር ልጨምር፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድን በማቋቋም የረዳው የአሜሪካው አየር መንገድ ቲ.ደብሊው.ኤ.፣ አየር መንገዳችን የመጀመሪያ በረራውን ባደረገበት በ1946፣ በራሱ አብራሪዎች አድማ ተመቶ ነበር። ጠቡ የተነሣው ለአዲሶቹ ባለአራት ሞተር አውሮፕላኖች በሚከፈለው ደመወዝ ላይ ነው።)

አብራሪው በወጣትነቱ ለድርጅቱ የሰጠው ያ ብድር የተካደው ከ1978 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት መንግሥት ከዋጋና ከመስመር ቁጥጥር እጁን አነሣ፤ ውድድሩም በቀጥታ በሠራተኛው ደመወዝ ላይ አረፈ። በ1983 የኮንቲኔንታል አየር መንገድ ኃላፊ ፍራንክ ሎሬንዞ ድርጅቱን ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ወስዶ የኅብረት ስምምነቱን ጣለና አብራሪዎቹን በግማሽ ገደማ ደመወዝ ሥራ አስቀጠለ። ኮንግረስ በማግሥቱ ዓመት ሕጉን ቢያጠብቅም በሩ አልተዘጋም። ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ ዩኤስ ኤርዌይስ፣ ዩናይትድ፣ ዴልታና ኖርዝዌስት ተራ በተራ ገቡበት። የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች ጡረታ በ2003፣ የዩናይትድ ሠራተኞች ደግሞ በ2005 ወደ መንግሥት ዋስትና ተቋም ተጣለ፤ ተቋሙ የሚከፍለው በሕግ ጣራ የተወሰነ ስለሆነ የካፒቴኖች ኪሳራ ከባድ ነበር። የአስተዳደሮቹ መከራከሪያ ባዶ አልነበረም፤ ገንዘቡ በእርግጥ አልቆ ነበር። ነገር ግን አበዳሪ ባንክ ዕዳውን ለመሰብሰብ መያዣ ሲኖረው፣ ዓመታቱን ያበደረው አብራሪ አንዳች መያዣ አልነበረውም።

ጫናው በትንንሾቹ የክልል አየር መንገዶች የባሰ ነበር። የትልቁን ድርጅት ስምና ቀለም ለብሰው የሚበሩት እነዚህ ድርጅቶች ውል የሚያገኙት በርካሽነታቸው ነው። ክፍያው በአብዛኛው የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ለበረራ ከተንቀሳቀሰበት እስከሚቆምበት ድረስ ነው፤ በኤርፖርት የባከነው ሰዓትና ቅድመ በረራ ፍተሻው ከዚያ ውጭ ይቀራል። የካቲት 12 ቀን 2009 በበፋሎ አቅራቢያ የወደቀው የኮልገን ኤር በረራ 3407 ሃምሳ ሰው ገደለ። ረዳት አብራሪዋ ለሥራ ወደ ኒውአርክ የመጣችው ከሲያትል ሌሊቱን ሙሉ ተጉዛ ነበር። መርማሪዎች ዋናውን ምክንያት በካፒቴኑ የተሳሳተ ምላሽ ላይ አደረጉ፤ ድካም ሳይጎዳቸው እንዳልቀረም ጻፉ። ከዚያ የመጣው የዕረፍት ደንብ ከጥር 2014 ጀምሮ ከሥራ በፊት አሥር ሰዓት ዕረፍት አስገደደ፤ የጭነት አብራሪዎችን ግን ተወ። የዕቃ ጫኝ አብራሪ እንቅልፍ ከመንገደኛው አብራሪ እንቅልፍ የሚለይበትን ምክንያት የትኛውም የወጪ ስሌት ሊያሳምነኝ አልቻለም።

ኮሮና ብዙ አንጋፋዎችን ያለዕድሜያቸው ጡረታ ካስወጣ በኋላ ሚዛኑ ዞረ። በመጋቢት 2023 የዴልታ አብራሪዎች በአራት ዓመት 34 በመቶ ጭማሪ የሚያስገኝ ውል አጸደቁ፤ ዩናይትድና አሜሪካንም ተከተሉ። ይህ ድል የእጥረት ድል ነው፤ የቀዳሚነት ቁጥሩም የኪሳራ ሕጉም በቦታቸው ናቸው።

ቁጥሩ ከድርጅት ወደ ድርጅት የሚተላለፍበት ብሔራዊ ዝርዝር ይኑር የሚለው ሐሳብ በአብራሪዎች መካከል ደጋግሞ ተነሥቷል፤ እስካሁን አልሆነም። እንቅፋቱ አስተዳደሩ ብቻ አይደለም። ዩኤስ ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት በ2005 ሲዋሐዱ ሁለቱን ዝርዝሮች ማን ከማን ያስቀድም የሚለው ለግልግል ዳኛ ተሰጠ፤ ዳኛው በ2007 ወሰነ። ውሳኔው ያላረካቸው የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች ብዙኃን ስለነበሩ በ2008 የቀድሞ ማኅበራቸውን በድምፅ አሰናብተው አዲስ አቋቋሙ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ድርጅት ስም፣ በተለያየ ውል እየበረሩ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተሟገቱ፤ የዩኤስ ኤርዌይሶቹም በዚያ ሁሉ ጊዜ የተከፈላቸው በኪሳራው ዘመን የተቆረጠው ደመወዝ ነበር።